ቀኑ አስቀድሞ የተቆረጠለት ሥራ፦ የዴንቨር የሻንጣ ማመላለሻ ታሪክ

የሥራው ባለቤት ባለሙያውን ሳይጠይቅ ቀን ሲቆርጥ ምን እንደሚከተል ለማወቅ ለሚሻ የሙያ ባልደረባ፣ በአሜሪካ የዴንቨር ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ታሪክ ሊመረመር የሚገባው ነው።

ከተማው አዲሱን ማረፊያ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1993 ለመክፈት ወስኖ ነበር። የሻንጣው ጉዳይ በመጀመሪያ ለየአየር መንገዱ የተተወ ስለ ነበረ፣ በኮምፒዩተር የሚመራ አንድ ወጥ ማመላለሻ ለመላው ማረፊያ እንዲሠራ ውል የተፈረመው ግንባታው ከተጋመሰ በኋላ፣ በ1992 ነው። የውሉም ዋጋ 193 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። እንግዲህ ለሥራው የተሰጠው ጊዜ፣ ይኸውም ከሁለት ዓመት ያነሰው፣ በስሌት የተገኘ ሳይሆን ከመክፈቻው ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ የተረፈ ነው።

ማስጠንቀቂያ አልታጣም። ከተማው የቀጠራቸው አማካሪዎች በ1990 ዘዴው እጅግ የተወሳሰበ መሆኑን ገልጸዋል። ከዚህ በጣም የቀለለ ማመላለሻ ያሠሩት የሙኒክ ባለሙያዎችም ሁለት ዓመት በፍተሻ፣ ስድስት ወር ደግሞ ሌት ተቀን በማሠራት እንዳሳለፉ አስረድተዋል። ሥራውን የተረከበው ቢ.ኤ.ኢ. የተባለው ኩባንያ ንድፉ እንዳይለወጥበት ቃል ተቀብሎ ገባ፤ አየር መንገዶቹ ግን ለውጥ ከመጠየቅ አልተቆጠቡም። (ኩባንያውም ቢሆን የማይቻለውን ቀን በፊርማው ስላጸደቀ ከወቀሳ ነጻ ነው ለማለት አይቻልም።)

ጭንቁ ጋሪን በሐዲድ ላይ ማስሮጥ አልነበረም። በሺህ ከሚቆጠሩት ጋሪዎች መካከል ባዶው ጋሪ ሻንጣ በሚጠብቅበት ስፍራ በሰዓቱ እንዲደርስ ማድረግ ነው ዋናው ችግር። አንዱ መሥመር ጋሪዎቹን ሲጠቀልል ሌላው ይራባል፤ ይህንንም የሚያስተካክል ፕሮግራም የሚታረመው ሙሉው ማመላለሻ ከነጭነቱ ሲሠራ እየታየ ነው። ለዚያ የሚሆን ጊዜ በውሉ ውስጥ አልነበረም።

በ1994 ጸደይ ጋዜጠኞች ተጠርተው ሙከራው ሲታይ ሻንጣዎች ከጋሪ ተወርውረው ተቀደዱ፤ ልብስም በየሐዲዱ ተበተነ። ማረፊያው የተከፈተው ከአሥራ ስድስት ወር መዘግየት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1995 ነው። ያን ጊዜም በአዲሱ ዘዴ ዋና ተጠቃሚ የሆነው ዩናይትድ አየር መንገድ ሲሆን፣ ለሌሎቹ በተጎታች ጋሪ የሚሠራ የተለመደ ማመላለሻ በጥድፊያ ተዘጋጀላቸው። ዩናይትድም በ2005 ዘዴውን ትቶ ወደ ተጎታቹ ጋሪ ተመለሰ።