የወንጂ ውሃና የአገዳ ቆራጮች አጥንት



የወንጂ ታሪክ ዘወትር የሚነገረው በስኳር ኩንታል ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ስኳሩን ያመረቱት ሰዎች ስለጠጡት ውሃ ነው።

ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ የወንጂን ፋብሪካ ሥራ ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከሌላም አገር የመጣው ሠራተኛ በአዋሽ ሸለቆ ሐሩር አገዳ ሲቆርጥ ይውላል፤ ሲጠማው ለመንደሩ ከተቆፈረው ጉድጓድ ይጠጣል። ውሃው ለዓይን የጠራ ነው። ነገር ግን የስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ ይለቅበታል፤ ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ውሃ በመሆኑም ፍሎራይዱን አስሮ የሚያዘቅጥለት አያገኝም።

ምልክቱ አስቀድሞ የሚታየው በልጆች ጥርስ ላይ ነው፤ ይበልዛል፣ ይቦረቦራል። የአጥንቱ ጉዳት ግን ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ያደባል። ፍሎራይድ ከአጥንት ማዕድን ጋር ተዋሕዶ አጥንቱን ያወፍረዋል። በራጅ ሲታይ ነጥቶ ጠንካራ ይመስላል፤ ጅማቶች ግን ይደነድናሉ፣ አከርካሪ ይገተራል፣ ሲብስም ኅብለ ሰረሰር ይጨመቃል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ይህ የሚለካው ውሃውን እንጂ ጠጪውን አይደለም። ልክ በወሰኑ ላይ ካለ ውሃ 2 ሊትር የጠጣ የቢሮ ጸሐፊ 3 ሚሊ ግራም ሲወስድ፣ 6 ሊትር የጠጣ አገዳ ቆራጭ 9 ሚሊ ግራም ይወስዳል። የወንጂ ጉድጓዶች ደግሞ ወሰኑን በብዙ እጥፍ ያለፉ ነበሩ። ማፍላትም አይረዳም፤ ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ይቀራል። በምግብ በቂ ካልሲየም ያላገኘ ሰው ጉዳቱ ይጸናበታል፤ ጤፍ በካልሲየም የታወቀ ነው፣ ወተትም እንዲሁ፤ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ግን ወተት ይገዛ ነበርን?

ችግሩ ሳይታወቅ ቀረ ማለት አይቻልም። በ1960ዎቹ ፍሎራይድን በአሉሚና የሚያጣሩ መሣሪያዎች በዚያው እርሻ ተተክለው ነበር። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ስለ ስምጥ ሸለቆው ፍሎሮሲስ ጥናታቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ለእኔ የታሪኩ ዋና ጥያቄ ያለው በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ነው። ውሃው ታሞ ሳለ ማጣሪያ ተገዛለት፤ ሰውየው ግን ስሙ በሕክምና መዝገብ እስኪሰፍር፣ ሲጠሩት አንገቱን ማዞር ተስኖት መላ አካሉን የሚያዞር ጡረተኛ እስኪሆን ቆየ።