በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚገኙ ተባዮች፦ ሊታወቁ የሚገባቸው እውነታዎችና የመከላከያ መንገዶች

በክረምት ወራት ብርዱ ሲበረታ ቤተሰብ በአንድ ክፍል ተጠጋግቶ ያድራል፤ ልብስና አልጋ ልብስ ፀሐይ ሳያገኝ ይሰነብታል፤ ጉድጓዳቸው በጎርፍ የተሞላባቸው አይጦችም ወደ መኖሪያ ቤት ይገባሉ። ይህ ጽሑፍ የአምስት ተባዮችን ባሕርይ፣ የሚያስከትሉትን ጉዳትና ማንኛውም ቤተሰብ በራሱ አቅም ሊወስዳቸው የሚችላቸውን የመከላከያ እርምጃዎች ያቀርባል።

ቅማል

የልብስ ቅማል የሚኖረው በልብስ ስፌትና እጥፋት ውስጥ ሲሆን ወደ ገላ የሚመጣው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው። ግርሻና ተስቦ (ታይፈስ) የተባሉትን አደገኛ በሽታዎች ከሰው ወደ ሰው ያስተላልፋል። ተስቦ በቅማል እንደሚተላለፍ እ.ኤ.አ. በ1909 ያረጋገጠው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ኒኮል በ1928 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። የግርሻ ተህዋስ ቅማሉ ሲጨፈለቅ ከሰውነቱ ይወጣል፤ የተስቦው ደግሞ በቅማሉ ኩስ ውስጥ ይገኛል። ሁለቱም በማከክ በተላጠ ቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባሉ። ስለዚህ ቅማልን በጥፍር መጨፍለቅ አደገኛ ልማድ ነው። ልብስን መቀቀልና ስፌቱን በጋለ ካውያ መተኮስ ቅማሉንም ቅጫሙንም ይገድላል።

ትኋን

ያደገ ትኋን የተልባ ፍሬ ያህላል። ቀን በአልጋ መገጣጠሚያ፣ በፍራሽ ስፌትና በግድግዳ ስንጥቅ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሌሊት የተኛ ሰው ትንፋሽና ሙቀት እየመራው ይወጣል። ያለ ምግብ ለወራት መቆየት ስለሚችል ቤትን ለጥቂት ሳምንታት ዘግቶ መሄድ አያጠፋውም። በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም፤ ሆኖም እንቅልፍ ይነሳል፣ የታከከው ቆዳም ሊያመረቅዝ ይችላል። አልጋውን ፈታትቶ በፈላ ውሃ መለብለብ፣ አልጋ ልብስን በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ የግድግዳ ስንጥቅን መምረግና ያገለገለ ፍራሽ ወይም የቤት ዕቃ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት መፈተሽ ያስፈልጋል።

ሙጀሌ

ሙጀሌ የቁንጫ ወገን ነው። እንስቷ በእግር ጣት፣ በጥፍር ሥር ወይም በተረከዝ ቆዳ ውስጥ ተቀብራ፣ በእንቁላል እየተሞላች የአተር ፍሬ እስክታህል ድረስ ታብጣለች። ቁስሉ ለመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ሊያጋልጥ ይችላል። አንዱን መርፌ ወይም ምላጭ እየተቀባበሉ ማውጣት ሌላ በሽታ ስለሚያስተላልፍ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይመረጣል። ጫማ ማድረግ፣ እግርን በየዕለቱ መታጠብ፣ የአፈር ወለልን መለሰንና እንስሳትን ከመኝታ ክፍል መለየት ዋና መከላከያዎች ናቸው።

በረሮ

ራሱ የተቆረጠ በረሮ ለቀናት በሕይወት ሊቆይ ይችላል፤ የሚተነፍሰው በሰውነቱ ጎንና ጎን ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነውና። ከመጸዳጃ ቤት ወደ ማዕድ ቤት እየተመላለሰ ምግብን ይበክላል፤ ኩሱና የሚያራግፈው ቅርፊትም አስምን ያባብሳል። ከረሃብ ይልቅ ጥማት ፈጥኖ ስለሚገድለው፣ ማታ የምግብ ፍርፋሪን ከማንሳት ጋር የዕቃ ማጠቢያውን ማድረቅና የሚያንጠባጥብ ቧንቧን ማስጠገን ይገባል።

አይጥ

የአይጥ የፊት ጥርሶች ዕድሜ ልክ ያድጋሉ። ያለማቋረጥ የምትቆረጥመውም ስለዚህ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ስትቆረጥም የእሳት አደጋ ልታስነሳ ትችላለች። ትንሿ የቤት አይጥ እርሳስ በሚያሳልፍ ክፍተት ትገባለች፤ ሦስት ሳምንት ያህል አርግዛም ትወልዳለች። ክፍተቶችን በሽቦና በሲሚንቶ መድፈን፣ እህልን ክዳን ባለው ዕቃ ከወለል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የአይጥ ኩስ አቧራው እንዳይቦን በበረኪና ውሃ ሳይርስ መጠረግ የለበትም።

ስለ ፀረ ተባይ ኬሚካል ጥብቅ ማሳሰቢያ

አንዳንድ ጊዜ ከተባዩ ይልቅ ለማጥፋት የተወሰደው እርምጃ ሕይወት ያጠፋል። ለሰብል የተዘጋጀ ኬሚካልን በአልጋ፣ በልብስ ወይም በልጆች ፀጉር ላይ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። ለእህል ማከማቻ የሚውለው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል እርጥበት ሲያገኝ መርዛማ ጋዝ ያመነጫል፤ የተለየ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። እንክብሉ ያለበት እህል በተቀመጠበት ወይም በአጎራባች ክፍል ሰው ማደር የለበትም። ኬሚካልን በለስላሳ ወይም በውሃ ጠርሙስ መገልበጥ ለሕፃናት ሞት ምክንያት ይሆናል። በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥ የተከለከለ በመሆኑ፣ መለያ ጽሑፍ የሌለውን ምርት አይግዙ።

መመረዝ ከደረሰ ተጎጂውን ወደ ንጹሕ አየር ያውጡ፤ የተበከለ ልብሱን አውልቀው ገላውን በውሃና በሳሙና ይጠቡ፤ እንዲያስመልስ አያስገድዱት፤ የኬሚካሉን መያዣ ይዘው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ያድርሱት።

ነፍሳትንና አይጥን መቆጣጠር ከጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተግባራት አንዱ ስለሆነ፣ በአካባቢዎ የሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ምክር ይጠይቁ። ቅማል ባለበት ቤት ድንገተኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ብርቱ ራስ ምታት የታየበት ሰው በዚያው ዕለት ሊታከም ይገባል። ግርሻም ሆነ ተስቦ በጊዜው ከተደረሰበት በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው።