«እንደምን አደሩ»፦ የእንቅልፍ ታሪክ በአልዌሮ ዙሪያ

ከጋምቤላ ከተማ ወደ ደቡብ ተጉዞ ወደ አቦቦ የሚዘልቅ መንገደኛ የአልዌሮን ግድብ ያገኛል። ግድቡ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ በሶቪየት ኅብረት የቴክኒክ ርዳታ መሠራት የጀመረ ሲሆን፣ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ አጠራቅሞ ወደ 10,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት እንዲያለማ የታለመ ነበር። ስለ ግድቡ ሲነገር ቀድሞ የሚነሣው ጥጥና ሩዝ፣ ሄክታርና ኩንታል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ግን ከዚያ ያነሰ የሚመስል ጥያቄ ነው። በዚያ አካባቢ የሚኖረው ሰው ሌሊቱን እንዴት ያድራል? እንዴትስ ያድር ነበር?

ጥያቄው ለቋንቋችን እንግዳ አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ ሲነጋ ሰውን የሚቀበለው «እንደምን አደሩ» ብሎ ነው። ሰላምታው ዛሬ ከልማድ ብዛት መልስ የማይጠበቅበት ቢሆንም፣ በመሠረቱ ስለ ሌሊቱ የሚቀርብ እውነተኛ ጥያቄ ነው። የሚያስገርመው ይህን በየማለዳው የሚጠይቅ ኅብረተሰብ፣ እኩለ ቀን ላይ ዛፍ ጥላ ሥር የሚያንቀላፋ ሰው ሲያይ የማለዳ ጥያቄውን ረስቶ «ሰነፍ» ለማለት የሚፈጥን መሆኑ ነው። በተለይ የቆላው ነዋሪ በዚህ ስም ብዙ ተወቅሷል። ወቀሳው ከሌሊቱ ታሪክ ጋር ሲተያይ ምን ያህል እንደሚጸና እንመልከት።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንዲት ዝንብ ነው። የቆላ ዝንብ ወይም ጼጼ የምትባለው ይህች ደም መጣጭ በምዕራብ ኢትዮጵያ ወንዞች ዳር ባለው ደን ውስጥ ትኖራለች፤ የምትነክሰውም በቀን ነው። በከብት ላይ የምታስተላልፈውን በሽታ ገበሬው «ገንዲ» ብሎ ያውቀዋል። የአኝዋክ ሕዝብ ኑሮ ይበልጡን በወንዝ ዳር እርሻና በዓሣ ማስገር ላይ የተመሠረተው፣ ከኑዌር ጎረቤቱ በተለየ ከብት የማያበዛውም፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ይህች ዝንብ የከብት ጠላት በመሆኗ ጭምር ነው። ከዝርያዎቿ አንዳንዶቹ ታዲያ በከብት ብቻ አይወሰኑም። በሰው ደም ውስጥ የሚያስገቡት ጥገኛ ተሕዋስ በመጨረሻ የእንቅልፍ በሽታ የሚባለውን ያመጣል።

ይኸው በሽታ በኢትዮጵያ ውስጥ በሰው ላይ መኖሩ በሕክምና የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን፣ የተገኘውም በቀድሞው የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት፣ በዛሬው ጋምቤላ ወገን ነው። በዚያን ዘመን በአዲስ አበባ ይሠራ የነበረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ክፍል ባለሙያዎች በጊሎ ወንዝ አካባቢ ጥናት አካሂደው ውጤቱን በ1970 አሳተሙ። በሽታው የታወቀው በ1967 ነው ማለት የተፈጠረው በ1967 ነው ማለት አይደለም። ከዚያ በፊት በወንዙ ዳር እያንቀላፉ የሞቱ ሰዎች ቢኖሩ ማን ይቈጥራቸው ነበር?

ለተቀረው ዓለም ግን በሽታው አዲስ አልነበረም። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ጀምሮ በኡጋንዳ የቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ በተነሣው ወረርሽኝ ከ200,000 በላይ ሰው አልቋል። ጣሊያናዊው ካስቴላኒና ብሪታንያዊው ዴቪድ ብሩስ ተሕዋስዋን ከበሽታው፣ ዝንቧን ከተሕዋስዋ ጋር ያገናኙት እዚያ ነው። በምዕራብ አፍሪካ የሚገኘው ዓይነት ስሙን ያገኘው ከጋምቢያ ነው። ጋምቢያ ከጋምቤላችን ጋር የስም መመሳሰል እንጂ ሌላ ዝምድና የላትም፤ ሆኖም መመሳሰሉ አንባቢን እንዳያሳስት ያሻል። የምዕራቡ ዓይነት ሰውን በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያደክም፣ በጋምቤላ የተገኘው የምሥራቁ ዓይነት በወራት ውስጥ ይገድላል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንድረስ። የበሽታው ስም አሳሳች ነው። ሕመምተኛው ከጤነኛው ሰው አብልጦ ይተኛል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። የፈረንሳዩ ተመራማሪ አላን ቡጌና ባልደረቦቹ በአፍሪካ ሕመምተኞች ላይ ለ24 ሰዓት ያደረጉት የአንጎል ሞገድ ልኬት ግን ሌላ ነገር አሳየ። የእንቅልፉ ጠቅላላ መጠን ያን ያህል አልጨመረም፤ የፈረሰው ሥርዓቱ ነው። ቀንና ሌሊትን የሚለየው የውስጥ ሰዓት ሲታወክ እንቅልፍ በቀኑም በሌሊቱም ተበታትኖ ይመጣል። ሕመምተኛው ቀን ማረሻ ይዞ ያንቀላፋል፣ ሌሊት ዐይኑ ፈጦ ያድራል። እንግዲህ የእንቅልፍ በሽታ የሚባለው ከቀኑ ማንቀላፋት እኩል የሌሊት እንቅልፍ እጦትም በሽታ ነው ማለት ነው። ጎረቤት የሚያየው ግን ቀኑን ብቻ ነው።

ቀን በምትነክሰው ዝንብ ላይ ሌሊት የምትነክሰው የወባ ትንኝ ተጨመረች። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከድርቁ በኋላ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ያህል ሰዎች፣ ከፊሉ በፈቃዱ ከፊሉ በግዴታ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲሰፍሩ የጋምቤላ ምድር ከተቀባዮቹ አንዱ ነበር። በአቦቦ ዙሪያም የሰፈራ መንደሮች ተሠሩ፤ መንደሮቹም በቁጥር ይጠሩ ነበር። የደጋው ሰው ጋቢውን ተከናንቦ በብርድ ማንቀላፋት የለመደ ነው። ሰውነት እንቅልፍ ሊይዘው ሲል የውስጥ ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ አለበት፤ ከባሕር ጠለል 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቆላ፣ በተለይ በየካቲትና በመጋቢት፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ላይ የትውልድ ቀዬውን፣ አንዳንዱም ቤተሰቡን ጥሎ የመጣ ሰው ነው። ወባ ደግሞ በልጅነቱ ያልለመደውን አካል እንዴት እንደምትጥል የታወቀ ነው።

መድኃኒቱም ቢሆን የራሱ ጣጣ ነበረው። በዚያን ጊዜ የወባ ዋነኛ መድኃኒት የነበረው ክሎሮኩዊን በብዙ አፍሪካውያን ላይ ብርቱ የሰውነት ማሳከክ ያስከትላል። ማሳከኩ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሌሊቱን ሙሉ ሰውን ሊያሳርፍ የማይችል ነው። ክኒኑን የወሰደ ሰው ትኩሳቱ ቢለቀውም እንቅልፍ አያገኝም፤ ማሳከኩን የቀመሰ ሁለተኛውን መጠን ቢተው ስንፍና ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ነባሩ ሕዝብ ለሌሊቱ የራሱ መላ ነበረው። የኑዌር አርብቶ አደር የደረቀ የከብት እበት እያጨሰ በትልቁ የከብት ቤቱ፣ በ«ሉአክ»፣ ውስጥ ያድራል፤ ሰውነቱን አመድ ይቀባል፣ በአመድ ላይም ይተኛል። ይህን ልማድ የውጭ ጎብኚዎች እንደ ጉድ ይመለከቱት ነበር። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን እበቱ፣ ጭሱና አመዱ አንድ ላይ ሲታዩ ስለ እንቅልፍ በሚገባ የታሰበበት የቤት አሠራር ናቸው። ጭስ ለዐይንና ለሳምባ መጥፎ መሆኑ የማይካድ ቢሆንም፣ ትንኝ እንደ ደመና በምትነሣበት ረግረግ ዳር ሌላ ምርጫ አልነበረም።

ግድብ ሲሠራ ይህ ሁሉ ምን ይሆናል? በትግራይ ትንንሽ ግድቦች አጠገብ የተደረገና በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከግድብ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖሩ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ያህል በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል። ትግራይ ደጋ ነው፤ ጋምቤላ ከግድቡ በፊትም የወባ አገር ነበረና ቁጥሩን እንዳለ ወደ አልዌሮ ማዛወር አይገባም። ሆኖም የውሃ ዕቅድ የእንቅልፍም ዕቅድ መሆኑን ያስተምራል። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር በሰፊው መታደል ለሕዝቡ እንቅልፍ ያመጣው ጥቅም ትልቅ ነው። ነገር ግን በሙቀቱ ወራት አጎበር ውስጥ አየር ያጥራል፤ ሰውም ገልጦት ከደጅ ይተኛል። የጤና ሠራተኛው «ለምን አልተጠቀምክም?» ብሎ ከመገሠጹ በፊት ራሱ አንድ የመጋቢት ሌሊት እዚያ ቢያድር መልካም ነው።

እንቅልፍን የሚነሣው ግን ነፍሳት ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢታንግ በዓለም ካሉት ታላላቅ የስደተኞች ሰፈሮች አንዱ ነበር፤ ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ወዲህም የደቡብ ሱዳን ጦርነት በመቶ ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎችን ወደ ክልሉ አሻግሯል። ሌሊት ቤቱ የተቃጠለበት ሰው የሌሊቱን ጸጥታ አያምንም። ቅዠቱ፣ በትንሽ ኮሽታ መባነኑ፣ ንጋት ሳይደርስ ነቅቶ መቅረቱ ሐኪሞች በሚገባ የሚያውቁት ነው።

ለዚህ ዓይነቱና ለተራው እንቅልፍ እጦት ዘመናዊው ሕክምና ክኒንን አያስቀድምም። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ለሰነበተ እንቅልፍ እጦት ቀዳሚ አድርጎ የመከረው የአስተሳሰብንና የልማድን ሕክምና ነው። ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ በአንድ ሰዓት መነሣት፣ አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ ማዋል፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል ከአልጋ ወርዶ እስኪመጣ መጠበቅ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ማታ የሚፈላ ቡናም ነገር አለው። በደም ውስጥ ያለው የቡና ኃይል በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈልግ፣ ማታ የተጠጣ በረካ እኩለ ሌሊት ላይ ገና ሥራ ላይ ነው። አረቄ ደግሞ ቶሎ ያስተኛል፣ ቶሎም ያነቃል። ምክሩ መልካም ቢሆንም የተጻፈው ብዙ ክፍል ላለው ቤት ነው። አንድ ክፍል ባለው የሣር ጎጆ ውስጥ ሕፃናት ተኝተው ሳለ «ተነሥተህ ወደ ሌላ ክፍል ሂድ» ማለት ደጅ ወጥተህ ለትንኝ ተሰጥ ማለት ነው። እዚያ የሚሻለው አጎበሩ ውስጥ ተቀምጦ መቈየት ነው።

በመጨረሻ ወደ ዝንቧ እንመለስ። የእንቅልፍ በሽታ ከኢትዮጵያ የጠፋ መስሎ 30 ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በደቡብ ኢትዮጵያ በ4 ሰዎች ላይ ተገኘ። ከነርሱ ሁለቱ መድኃኒቱ ሳይደርስላቸው ሞቱ። ለዓሥርተ ዓመታት ለተባባሰው ደረጃ ያለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1949 የተገኘውና ከአርሴኒክ የሚሠራው ሜላርሶፕሮል ነበር፤ እርሱም ከሚታከሙበት ከመቶ 5 ያህሉን ይገድላል። በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለምሥራቁም ዓይነት ድጋፍ ያገኘው ፌክሲኒዳዞል ግን በአፍ የሚዋጥ ክኒን ነው። ለምርመራውም አዲስ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። ለወባ ምርመራ በመስተዋት ላይ የምትቀባው ያችው የደም ጠብታ በአጉሊ መነጽር ስትታይ የእንቅልፍ በሽታን ተሕዋስ ልታሳይ ትችላለች፤ በቀይ የደም ሕዋሳት መካከል እንደ ትል ተጠማዝዞ ይገኛል። ወባን ብቻ እንዲፈልግ የተማረ ዐይን ግን አልፎት ይሄዳል።