የምድር መግነጢሳዊ መስክ የሳተላይት ልኬት

የምድር መግነጢሳዊ መስክ የሳተላይት ልኬት መስኩን ከጠፈር በመለካት የምድርን ውስጥ የማጥኛ ዘዴ ነው። የመስኩ አብዛኛው ክፍል የሚመነጨው ከ2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት በታች ባለው ውጫዊ እምብርት፣ በቀለጠ ብረት እንቅስቃሴ ነው። እስካሁን ግን የትኛውም ቁፋሮ ከ13 ኪሎ ሜትር አላለፈም። ለዚህ ጥናት የአውሮፓ ጠፈር ኤጀንሲ በ2013 እ.ኤ.አ. «ስዋርም» የተባሉ ሦስት ሳተላይቶችን አመጠቀ።

== በኢትዮጵያ ==

መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ስለዚህ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የመስኩ አቅጣጫ ከመሬት ጋር ትይዩ ነው ማለት ይቻላል። ከወገቡ በላይ በ110 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ጅረቱ የሚገኘው ከሳተላይቶቹ በታች በመሆኑ የሚፈጥረው መስክ በስሌት ሲታይ ከምድር ውስጥ የመነጨ ሊመስል ይችላል። ተመራማሪዎች ይህን ስሕተት ለመቀነስ ጅረቱ የሚዳከምበትን የሌሊት ልኬት ይመርጣሉ።

መሬት ላይ ያለ ጣቢያ ደግሞ ጅረቱን ከሥሩ ሆኖ ይለካል። አግድሙ መስክ በጅረቱ ምክንያት መሬት ላይ ሲጨምር ከጅረቱ በላይ ይቀንሳል፤ ሁለቱን ማነጻጸር የጅረቱን ድርሻ ለመለየት ይረዳል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1958 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የመግነጢስ ጣቢያ ጠቀሜታም እዚህ ላይ ነው።