የትውልድ ቍጥርና ቤተ መጻሕፍት

በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተነገረ፥ ኢዮቤልዩ በተባለው በ50ኛው ዓመት ሰው ሁሉ ወደ ርስቱና ወደ ወገኑ እንዲመለስ ታዝዞ ነበር። ወደ ርስትና ወደ ወገን ለመመለስ ግን አስቀድሞ የማን ልጅ እንደ ሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል። በመጽሐፈ ዕዝራም ከምርኮ ከተመለሱት ካህናት መካከል የትውልዳቸውን መዝገብ ፈልገው ያላገኙት ከክህነት እንደ ተከለከሉ ተጽፏል። እንግዲህ የአባቶችን ስም መያዝ ከጥንት ጀምሮ የአገልግሎትና የርስት ነገር እንጂ የከንቱ ውዳሴ ነገር አልነበረም።

በኢትዮጵያም ትውልድ የሚቈጠረው በሁለት ምክንያት ነበር። አንደኛው ጋብቻ ነው፤ ወንድና ሴት ልጅ ከመተጫጨታቸው በፊት ሽማግሌዎች ተቀምጠው አያትን፥ ቅድመ አያትን፥ ምንጅላትን እያሉ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቈጥሩ ነበር፤ ሥጋ ለሥጋ የተገናኘ እንደ ሆነ ጋብቻው ይቀራል። ሁለተኛው ርስት ነው፤ ባለ ጉዳዩ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት አንሥቶ እስከ ራሱ ድረስ ያለውን ሐረግ፥ በአባትም ሆነ በእናት ወገን፥ በዳኛ ፊት ቈጥሮ ማስረዳት ነበረበት። ቍጥሩን የሳተ ሰው መሬቱንም ያጣ ነበርና፥ አባት ለልጁ ከሚያስተምረው ነገር ሁሉ ይህን አያስቀርም ነበር።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓመተ ምሕረት የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ሁለተኛው ምክንያት ቀረ። ከዚያም ወዲህ ብዙ ሰው ከባላገር ወደ ከተማ፥ ከከተማም ወደ ባሕር ማዶ ስለ ሄደ፥ አንደኛውም ምክንያት እየደከመ መጣ። ሰባት ቤት መቍጠር የሚችሉት ሽማግሌዎች በየዓመቱ ያርፋሉ፤ የተማረው ልጅ ግን የአያቱን አባት ስም ሲጠየቅ ዝም ይላል። ቃል በሞተበት ስፍራ ጽሕፈት ሊተካ ይገባልና፥ ትውልዱን የሚፈልግ ሰው ዛሬ ወደ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ግድ ሆኖበታል።

ነገር ግን ወደ ቤተ መጻሕፍት ባዶ እጁን የሄደ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። አስቀድሞ በቤቱ ያሉትን አረጋውያን ሊጠይቅ ይገባዋል። የሚጠይቀውም ስምን ብቻ አይሁን፤ የክርስትና ስም ምን ነበር፥ በየትኛው ደብር ተጠመቀ፥ የነፍስ አባቱ ማን ነበር፥ የተቀበረውስ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ ይጠይቅ። ሽማግሌዎች ዓመቱን በቍጥር ባይናገሩ በሆነው ነገር ይናገራሉ። «በክፉ ቀን ተወለደ» ቢሉ ከ1880 እስከ 1884 ዓመተ ምሕረት ያለው የረኀብ ዘመን ነው። «በዐድዋ ዘመቻ» ቢሉ 1888፥ «በኅዳር በሽታ» ቢሉ 1911፥ «በማይጨው» ቢሉ 1928 ዓመተ ምሕረት ነው። እንደዚህ ሲሆን የአንዲት አሮጊት ቃል ከታሪክ መጽሐፍ ጋራ ሊመዛዘን ይችላል።

ከዚህ በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ይጀምራል። በ1936 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ የተቋቋመውና ወመዘክር በሚባል ስም የሚታወቀው የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ለዚህ የተመቸ ነው፤ የታተሙ መጻሕፍት፥ የቈዩ ጋዜጦች፥ የብራና መጻሕፍትና የመንግሥት ጽሑፎች በአንድነት ይገኙበታልና። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓመተ ምሕረት ያሳተሙት «የሕይወት ታሪክ» የብዙ ታላላቅ ሰዎችን ትውልድና ሥራ በአጭሩ ይናገራል። በ1917 የተጀመረው ብርሃንና ሰላም፥ በ1933 የተጀመረውም አዲስ ዘመን የሹመትንና የሞትን ወሬ ይዘዋል። ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» ደግሞ የመሬቱን ሥሪትና የግብሩን ዐይነት ስለሚያስረዳ፥ አያቱ ምን ዐይነት መሬት ይዞ ምን ይገብር እንደ ነበረ ለሚፈልግ ሰው ይጠቅማል። ፈላጊው ስለ ሰውየው የተጻፈ ነገር ባያገኝ፥ ስለ አውራጃውና ስለ ደብሩ የተጻፈውን ያንብብ፤ ሰው የሚታወቀው በአገሩ ነውና።

ስምን በመፈለግ ረገድ ብዙ መሰናክል አለ። ኢትዮጵያዊ የቤተ ሰብ ስም ስለሌለው የአባቱ ስም ከእርሱ ጋራ አንድ ትውልድ ብቻ ይሄዳል። መኳንንቱና ጦረኛው በፈረስ ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ እንደ ተባሉ፥ የአንድ ወታደር ስምም በአንዱ ስፍራ በፈረስ ስሙ፥ በሌላው በክርስትና ስሙ ተጽፎ ይገኛል። ኃይሉ የሚለው ስም በሐመሩ ሐ፥ በሃሌታው ሀና በብዙኃኑ ኀ ሊጻፍ ስለሚችል፥ በዝርዝሩ ውስጥ በሦስቱም ፊደል መፈለግ ይገባል። የውጭ አገር ሰው በጻፈው መጽሐፍ የተገኘውም ዘመን ወደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲመለስ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ይቀነስለታል።

የታተመው መጽሐፍ ግን አብዛኛውን የሚናገረው የታላላቆቹን ነገር ነው። የገበሬው፥ የሸማኔው፥ የዲያቆኑና የባልቴቲቱ ስም ከተገኘ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያን ብራና ላይ ነው። አባቶች የመሬት ስጦታን፥ ሽያጭንና ኑዛዜን በወንጌሉ ኅዳግ ይጽፉ ነበር፤ የሰጪውና የተቀባዩ፥ የዳኛውና የምስክሩ ሁሉ ስም በዚያ ይቀመጣል። ከዚህም ሀብት ብዙው ጠፍቷል። በ1860 ዓመተ ምሕረት የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ብዙ መጻሕፍት ወስዶ 350 ያህሉ በለንደን ቀሩ፤ ከእነዚህም በአንዳንዶቹ ኅዳግ የጎንደር ሰዎች የመሬት ጽሑፍ ይነበባል። በ1880 ድርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ፤ በየካቲት ወር 1929 ደግሞ የኢጣልያ ሰዎች በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን በእሳት አነደዱ። የቀረውን ለማዳን በ1960ዎቹ ዓመታት መጻሕፍቱን በየደብሩና በየገዳሙ በማይክሮፊልም ማንሣት ተጀምሮ 9,000 ያህል ተነሥተዋል። ግልባጫቸው በአሜሪካ በሚኔሶታ በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ስለሚጠበቅ፥ በባሕር ማዶ የተወለደ ልጅም የአያቶቹን ደብር መጽሐፍ ፈልጎ ሊያይ ይችላል።

ፈላጊው ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። አንደኛ፥ ሐረጉን ከነገሥታት ለማገናኘት ሲል ያልተገኘውን ስም አይጨምር፤ የሰማውን ሰማሁ፥ ያነበበውን አነበብሁ፥ የገመተውን ገመትሁ ብሎ ለየብቻ ይጻፍ። ከእውነተኛ ገበሬ መወለድ ከሐሰተኛ ንጉሥ ከመወለድ ይሻላል። ሁለተኛ፥ እናቶችን አይርሳ። ቅዱስ ማቴዎስ የጌታን ትውልድ ሲቈጥር ትዕማርን፥ ራኬብንና ሩትን እንዳልተወ፥ የሴት አያቶችን ስም የተወ ሰው የትውልዱን እኩሌታ ትቷል።

የዚህም ነገር ፍሬ ወደ ደብሩ ይመለሳል። በአዋጅ ቍጥር 760/2004 መሠረት ልደት፥ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ መጻፍ የጀመረው ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓመተ ምሕረት ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ለነበረው ብዙ ሕዝብ ከአረጋውያን ቃልና ከቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ በቀር ምስክር የለውም። ስለዚህ ኢዮቤልዩውን የሚያከብር ደብር የጥምቀቱን፥ የተክሊሉንና የፍትሐቱን መዝገብ ከአይጥና ከእርጥበት ቢጠብቅ፥ የሽማግሌዎቹንም ቃል ሳያርፉ አስጽፎ አንዱን ግልባጭ በቤተ ክርስቲያን፥ ሁለተኛውን በቤተ መጻሕፍት ቢያኖር፥ ከ50 ዓመት በኋላ የሚመጣው ልጅ ወደ ወገኑ የሚመለስበትን መንገድ ያገኛል። ርስቱ ቢቀር ወገኑ አይቀርበትም።