አጋዘን መንገድ ላይ ሲገጥም

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምትኖሩ ወገኖች፣ ነጭ ጭራ ያለው አጋዘን በብዛት መንገድ የሚገባው በጥቅምትና በኅዳር፣ ወንዱ ሴቲቱን በሚያሳድድበት ወቅት፣ በተለይ ሲነጋጋና ሲመሻሽ ነው፡፡ (አጋዘን የምንለው በልማድ ነው፤ የአገራችን አጋዘን ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ሲሸከም ይህኛው በየዓመቱ ይጥላል፡፡) በዓይኑ ውስጥ ብርሃን የሚመልስ ስስ ሽፋን ስላለው ከአካሉ በፊት ዓይኑ ሲያበራ ይታያል፡፡ አንዱ ቢያልፍም ሌላ ሊከተለው ስለሚችል ፍጥነት ቀንሱ፤ በሰዓት 55 ማይል የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 25 ሜትር ያህል ይጓዛል፡፡

ድንገት ፊታችሁ ከተደቀነ ፍሬን ያዙ እንጂ መሪ አትጠምዝዙ፡፡ እኔ አንድ ምሽት ልጆቼን ከኋላ ይዤ ጠምዝዤ ነበር፤ አጋዘኑ አመለጠ፣ እኛ ከዛፍ ጋር ከመላተም የተረፍነው ለጥቂት ነው፡፡ ከገጫችሁት ደግሞ ወድቆም ቢሆን አትጠጉት፤ ሲፈራገጥ በሰኮናው ሰው ይጎዳል፡፡ ዳር ይዛችሁ 911 ደውሉ፡፡