ዘጠኙ ነጥብ የማን ነው?

የንባብ ክፍል፦ 1ኛ ቆሮንቶስ 3፥1-9፤ የሐዋርያት ሥራ 18



ጭሮ የዝውውር ከተማ ናት። መምህሩም ነርሷም የባንክ ሠራተኛውም ይመጣሉ፣ ጥቂት ዓመት ያገለግላሉ፣ ከዚያ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። በሂርናም በገለምሶም በበዴሳም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሰው መሸኘት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። መጋቢያችን ወደ ሌላ የአገልግሎት ስፍራ በተመደቡ ጊዜ ግን እንደ ለመድነው አልሆነም። የዓመቱ ሥራ ገና ግማሽ ላይ ነበር። የደቀ መዝሙርነት ትምህርቱ ተጀምሮ አላለቀም፣ ለጥምቀት የተመዘገቡትም ገና አልተጠመቁም። በዚህ መካከል አዲስ አገልጋይ መጡልን።

ብዙም ሳይቆይ ማጉረምረም ጀመርን። ግማሾቻችን «በፊተኛው ጊዜ እንዲህ አልነበረም» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «እንዲያውም አሁን ነው ነፍስ የዘራነው» አልን። አንዳንዶች ከእሑድ አምልኮ ቀሩ። አዲሱ አገልጋይ ሲሰብኩ የምንሰማው ቃሉን ሳይሆን ልዩነቱን ነበር። ድምፃቸውን፣ የጸሎታቸውን ርዝመት፣ የሰላምታ አሰጣጣቸውን ሳይቀር ከቀድሞው ጋር አነጻጸርን።

አንድ ቅዳሜ ከጸሎት በኋላ ሻይ ይዘን ይህንኑ ወሬ ስናነሣ፣ ኳስ የሚወድ አንድ ወጣት ወንድማችን ድንገት ጠየቀን፦ «ዋልያዎቹ ወደ ካሜሩን ያለፉበት ዘጠኝ ነጥብ የማን ነው? የአብርሃም ነው ወይስ የውበቱ?» ሳቅን። ነገሩን እየዘረዘርን ስንሄድ ግን ሳቃችን ቀረ። ታሪኩ ለእናንተም ይጠቅማል ብለን እንደሚከተለው ጽፈነዋል።

ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ካቋቋሙት አገሮች አንዷ ናት። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን አንሥታለች። ከ1974ቱ የሊቢያ ውድድር በኋላ ግን ብሔራዊ ቡድኑ 31 ዓመት ሙሉ ከመድረኩ ጠፋ። በእነዚያ ዓመታት ብዙ አሰልጣኞች መጥተው ሄዱ። በ2003 ዓ.ም እንኳ በማጣሪያው መካከል ኢፊ ኦኑኦራ ተሰናብተው ቤልጂየማዊው ቶም ሴንትፊት ተተክተው ነበር። ቡድኑ በአዲስ አበባ ከናይጄሪያ ጋር 2 ለ 2 ቢወጣም ለዋንጫው አላለፈም፤ አሰልጣኙም ብዙ ሳይቆዩ ሄዱ። አሰልጣኝ መቀየር ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ ከዚያ እንማራለን። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ጊዜ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም፣ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ለደቡብ አፍሪካው ውድድር ስናልፍ ብዙዎች በደስታ አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ዋንጫዎች ተከታትለው አመለጡን።

የወንድማችን ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ለካሜሩኑ ውድድር በተደረገው ማጣሪያ ኢትዮጵያ ከኮትዲቯር፣ ከማዳጋስካርና ከኒጀር ጋር ተመደበች። አሰልጣኙ አብርሃም መብራቱ ነበሩ። ኅዳር 6 ቀን 2012 ዓ.ም ማዳጋስካር ላይ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ሦስት ቀን ቆይቶ ኅዳር 9 ቀን በባሕር ዳር ስታዲየም ኮትዲቯርን 2 ለ 1 አሸነፍን። ያን ቀን የተገኘው 3 ነጥብ ነው።

ከዚያ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። መጋቢት ላይ ሊጉ ቆመ፣ በኋላም የዓመቱ ውድድር ተሰረዘ። ማጣሪያው ተራዘመ። በዚህ መካከል የአሰልጣኝ አብርሃም የውል ጊዜ አበቃ፣ ፌዴሬሽኑም አላደሰላቸውም። በ2013 ዓ.ም መግቢያ ላይ አሰልጣኝ ውበቱ አባተ ተሾሙ። አሰልጣኝ ውበቱ በ2003 ዓ.ም ከኢትዮጵያ ቡና ጋር የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሡ፣ ኳስን መሥርቶ በመጫወት የሚታወቁ ሰው ናቸው። የተረከቡት ግን ለወራት ውድድር ያልነካ ቡድን ነበር። አገሪቱ ውስጥ ሊጉ ገና አልተጀመረም።

የመጀመሪያው የማጣሪያ ጨዋታቸው ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም በኒያሜ ነበር። ኒጀር 1 ለ 0 አሸነፈች። ከሦስት ጨዋታ በኋላ ኢትዮጵያ ከኒጀር ጋር በእኩል 3 ነጥብ በምድቡ ግርጌ ቀረች፤ ኮትዲቯርና ማዳጋስካር 6፣ 6 ይዘዋል። «አሰልጣኙን በመሃል ቀይረው ቡድኑን ገደሉት» የሚል ሰው ያን ሳምንት በቂ ማስረጃ ነበረው። እኛም በአዲሱ አገልጋይ የመጀመሪያ ወር የፈረድነው እንደዚሁ ነበር፤ ከአንዲት ኒያሜ ተነሥተን።

ከአራት ቀን በኋላ በአዲስ አበባ ኒጀርን 3 ለ 0 መለስናት። መጋቢት 15 ቀን በባሕር ዳር ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸነፍን። መጋቢት 21 ቀን አቢጃን ላይ ኮትዲቯር 3 ለ 1 እየመራች፣ ጨዋታው ሊያልቅ 10 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ዳኛው በድንገት ታመው ተቋረጠ። ማለፋችን ግን ተወስኖ ነበር፤ ማዳጋስካር ከኒጀር ጋር 0 ለ 0 ተለያይታለችና። በመጨረሻው ሠንጠረዥ ኮትዲቯር 13፣ ኢትዮጵያ 9፣ ማዳጋስካር 8፣ ኒጀር 4 ነጥብ ነበራቸው።

ቅዳሜ ዕለት በወረቀት ላይ የደመርነው ይህንን ነው። ከዘጠኙ ነጥብ ሦስቱ የመጡት በአሰልጣኝ አብርሃም ጊዜ፣ ስድስቱ በአሰልጣኝ ውበቱ ጊዜ ነው። የባሕር ዳሩ የ2012 ድል ባይኖር ኢትዮጵያ 6 ነጥብ ብቻ ይዛ ትቀር ነበር። የ2013ቱ ሁለት ድሎች ባይኖሩ ደግሞ 3 ብቻ። በሁለቱም መንገድ አናልፍም ነበር። በሠንጠረዡ ላይ ደግሞ «የአብርሃም» ወይም «የውበቱ» የሚል ዓምድ የለም። የተጻፈው «ኢትዮጵያ 9» ተብሎ ነው።

ስለ አሰልጣኝ አብርሃም አንድ ነገር እንጨምር። ወደ ብሔራዊ ቡድናችን ከመምጣታቸው በፊት የየመንን ቡድን ያሠለጥኑ ነበር። አገሪቱ በጦርነት ውስጥ ስለነበረች ቡድኑ በሜዳው መጫወት እንኳ አይችልም ነበር። ሆኖም በ2010 ዓ.ም የተዋሃደችውን የመን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእስያ ዋንጫ አበቋት። ውድድሩ ጥር 2011 ዓ.ም ሲደረግ ግን በመስመሩ ዳር የቆሙት ስሎቫካዊው ያን ኮቺያን ነበሩ። ስለዚህ እኚህ ሰው ሁለት ጊዜ መንገዱን ጀምረው፣ ሁለቱንም ጊዜ መድረኩ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። በካሜሩን ቡድናችን በ3 ጨዋታ 1 ነጥብ ብቻ አግኝቶ ተመለሰ፤ አጫዋቹም አሰልጣኝ ውበቱ ነበሩ። ክብሩም ወቀሳውም ለኋለኛው ደረሰ። የዘሪና የአጫጅ ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ጌታም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ደቀ መዛሙርቱን ያሳሰባቸው ሌሎች በደከሙበት ድካም ውስጥ እንደ ገቡ ነው።

ርቀን ሳንሄድ የምንኖርባትን ከተማ እንመልከት። ጭሮን በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ ብለው የጨርጨር ዋና ከተማ ያደረጓት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። የጨርጨር ገዥ ሆነው ሠርተው ሄዱ። ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ በጄኔቫ ስለ ኢትዮጵያ የተሟገቱ ሰው ናቸው። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ ከረገጥነው መንገድ ስንቱ በእርሳቸውና ከእርሳቸው በኋላ በመጡት እንደ ተጀመረ ማን ያስባል? በተራራው ላይ ቡና የሚለቅመው ገበሬም ብዙ ጊዜ የሚለቅመው አባቱ የተከለውን ነው። ዘዳግም ምዕራፍ 6 እስራኤልን የሚያስጠነቅቀው ስለዚህ ነው፦ ያልሠራችሁትን ከተማ፣ ያልቆፈራችሁትን ጉድጓድ፣ ያልተከላችሁትን ወይን ስትወርሱ ጌታን እንዳትረሱ።

አሁን ወደ ቆሮንቶስ እንሂድ፤ የእኛ በሽታ ስም ያገኘው እዚያ ነውና። ጳውሎስ ወደዚያች ከተማ ገብቶ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ዓመት ከስድስት ወር ቃሉን አስተማረ። ከዚያ ሄደ። እርሱ ከሄደ በኋላ አጵሎስ መጣ፤ የእስክንድርያ ሰው፣ አንደበተ ርቱዕ፣ መጻሕፍትን የሚያውቅ። አገልጋዩ የተለወጠው ጉባኤው ገና ሕፃን ሳለ ነው። ምእመናኑም ተከፈሉ፤ አንዱ የጳውሎስ ነኝ፣ ሌላው የአጵሎስ ነኝ አለ። ጳውሎስ በጻፈላቸው ጊዜ አጵሎስን አላሳነሰም፣ ራሱንም ከፍ አላደረገም። አንዱ የተከለ፣ ሌላው ያጠጣ ነው፤ ያሳደገው ግን እግዚአብሔር ነው ብሎ ሁለቱንም በአገልጋይነት ስፍራ አቆማቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቀድሞ ያላስተዋልናቸው ሁለት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የአቂላና የጵርስቅላ ነገር ነው። ከጳውሎስ ጋር በአንድ ቤት ኖረዋል፣ አብረው ሠርተዋል። አጵሎስን ኤፌሶን ላይ ሲሰሙት የጎደለውን አዩ፤ የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። «እንደ ጳውሎስ አይደለም» ብለው ሊያወሩበት ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ወደ ራሳቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አብልጠው ገለጡለት። ወንድሞችም ደብዳቤ ጽፈው ወደ አካይያ ላኩት፣ በዚያም አማኞችን እጅግ ጠቀመ። የቀድሞውን አገልጋይ በደንብ ያወቁ ሰዎች ለአዲሱ ብርቱ ረዳት ሊሆኑ ይችላሉ።

ሁለተኛው በ1ኛ ቆሮንቶስ 16፥12 ያለ አጭር ነገር ነው። ጳውሎስ በስሙ እንደ ተከፋፈሉ እያወቀ፣ አጵሎስ ተመልሶ ወደ እነርሱ እንዲሄድ አጥብቆ ለመነው። «የእኔን ሰዎች ይወስድብኛል» አላለም። የራሱ ሰዎች ስላልነበሩ ነው።

ይህ ማለት አዲስ አገልጋይ አይመረመርም ማለት አይደለም። ትምህርቱ በቃሉ ይመዘናል፣ ሽማግሌዎችም ይህ ኃላፊነት አለባቸው። እኛ ግን ስንመዝን የነበረው ትምህርቱን አልነበረም። ትዝታችንን ነበር የምንመዝነው።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ንስሐ ገባን። ከፊተኛው መጋቢያችን ጋር ለዓመታት ቤት ለቤት ያገለገሉ እናቶችና ሽማግሌዎች አዲሱን አገልጋይ ይዘው ወጡ፤ የታመሙትን፣ የደከሙትን፣ በአሰቦትና በሚኤሶ መንገድ ያሉትን ቤተሰቦች አስተዋወቋቸው። ለፊተኛውም ስልክ ደወልን። የምንነግራቸው ቅሬታ ስላለን ሳይሆን ለተተኪያቸው እንዲጸልዩ ነበር። እርሳቸውም በደስታ ጸለዩ፣ ቀድመውም ሲጸልዩ እንደነበረ ነገሩን። የቀሩት ሁሉ አልተመለሱም፤ ይህ እስካሁን ያሳዝነናል፣ ከቃላችን የተነሣ የሄዱ ስላሉም ይቅርታ እየጠየቅን ነው።

የጥምቀቱ ቀን ሲደርስ ትምህርቱን በፊተኛው ጊዜ ጀምረው በአዲሱ ጊዜ የጨረሱ ወገኖች አንድ በአንድ ወደ ውኃው ወረዱ። ያ ወጣት ወንድማችን አጠገባችን ቆሞ ነበር። «እነዚህስ የማን ናቸው?» አለን በሹክሹክታ። በዚያን ጊዜ መልሱን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ምናልባት ይህን የምታነቡት ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁ ትሆናላችሁ። አንድ አገልጋይ ስለ ሄደ ወይም ስላሳዘናችሁ ከደጁ ተመልሳችሁ ይሆናል። የጠራችሁ ክርስቶስ አይዛወርም፣ የውል ጊዜውም አያልቅም። ወደ እርሱ ኑ።

ለማሰላሰል፦ ዛሬ የምደሰትበት ነገር ማን የዘራው ነው? አመስግኜዋለሁን? በአሁኑ አገልጋያችን ላይ የማወራውን ያህል ስለ እርሱ ጸልያለሁን?

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ ስለ ተከሉልንና ስላጠጡን አገልጋዮች ሁሉ እናመሰግንሃለን። ሰውን ከሰው እያነጻጸርን ያንተን ሥራ ስላቃለልን ይቅር በለን። የሄዱትን ባርክ፣ የመጡትን አጽና፣ የራቁትን መልስ። ማሳደግ የአንተ ነውና ክብሩም ለአንተ ይሁን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።